የሰኞው ወሬ

«እዚህ በር ላይ ቆመህ የምታወራው የጨዋታ ወሬ የለም» አለ የሟቹ ታናሽ ወንድም ይማም፣ ሾፌሩን ሀሰንን ክንዱን ይዞ ወደ ድንኳኑ እየመለሰው።

ሀሰን ያን ሰኞ እንደ ልማዱ የውድድር ወሬ ይዞ ከአስመራ መግባቱ ነበር። ሳሊህ ቅዳሜ መቀበሩን የሰማው የጭነት መኪናውን መንገድ ዳር ካቆመ በኋላ ነው። የመንገድ አቧራውን እንኳ ሳያራግፍ ግራ ገብቶት ቆመ።

የሟቹ ሚስት ረሒማ ከውስጥ የባሏን ወዳጅ ድምፅ ለይታ ልትነሳ አለች።

«ተዪው ሓፍተይ፣ ተይ እህቴ፣ ዛሬ አይሆንም» አለቻት ጎረቤቷ አሰገደች በሹክሹክታ።

ሳሊህ ከወሎ መጥቶ መቀሌ ውስጥ ጨርቅ ይነግድ ነበር። ጣሊያን በወጣ በሁለተኛው ዓመት የተሳፈረበት መኪና አላጄ ላይ ተገልብጦ ወገቡ ከተሰበረ ወዲህ ግን ከቤት አልወጣም። አንድ ሰኞ ሀሰን ሊጠይቀው መጥቶ የአስመራውን የቢስክሌት ውድድር አወራለት። ከዚያ ወዲያ ሳሊህን አንድም ውድድር አላመለጠውም። ማን እንደቀደመ፣ የማን ጎማ እንደፈነዳ ሁሉን ያውቃል፤ በዓይኑ ግን አንዱንም አላየም። የሚደግፈው ጎይትኦም የሚባል፣ በአራት ዓመት አንድ ቀን እንኳ ያላሸነፈ ልጅ ነበር።

«ሌላ ሰው አጣህ?» ትለው ነበር ረሒማ።

«አቋርጦ አያውቅም» ይላታል። «ሀሰንን ጠይቂው።»

ባለፈው ክረምት ሕመሙ ሲጠናበት ወሬውን እሷ ከሀሰን ሰምታ ትነግረው ጀመር። አንድ ነገር ከዘለለች ስለሚያውቅባት ተመልሳ ሀሰንን ትጠይቃለች። ለሱ ብላ የጀመረችው ሳታስበው የራሷ ሆነ።

አሁን ብድግ ብላ የበሩን መጋረጃ ገለጠች።

«ይማም፣ ልቀቀው።»

«ሰው ምን ይላል ረሒማ? የወንድሜ አፈር እንኳ አልደረቀም።»

«ወንድምህ ዐርብ ለት ‹ለእሁዱ ውድድር ካልደረስኩ አንቺ ስሚው› አለኝ። እሺ ብዬዋለሁ። ሰው የፈለገውን ይበል።» ወደ ሀሰን ዞረች። «ጎይትኦም ስንተኛ ወጣ?»

ሀሰን አንገቱን ደፋ። «ነፋሲት ላይ፣ የአስመራው ዳገት ሥር ወደቀ ሓፍተይ። የፊት ጎማው ተጣመመ።»

አሰገደች ከንፈሯን መጠጠች።

«እና አቋረጠ?»

«አላቋረጠም። ቢስክሌቱን ተሸክሞ ዳገቱን በእግሩ ወጣው። አስመራ ሲደርስ ዳኞቹም ሄደዋል፣ ሰዉም ተበትኗል። እኔ መኪና ስጭን ነው ያየሁት። እጁ ደምቷል። መጨረሻው መስመር ጋ ሲደርስ ቢስክሌቱን ከትከሻው አውርዶ እየገፋ አለፈ።»

ይማም የሀሰንን ክንድ ለቀቀ።

«ያን ሁሉ ዳገት?» አለ ቀስ ብሎ።

«ያን ሁሉ።»

«የሚቀጥለው መቼ ነው?» አለች ረሒማ።

«ከሁለት ወር በኋላ።»

«እስከዚያ ኢዳዬ አያልቅም፤ ባሌን አዝኜ አራት ወር ከአሥር ቀን እዚሁ ቤት ነኝ። መጥተህ ትነግረኛለህ። ከመጀመሪያው፣ ምንም ሳትዘል።»

«እሺ ሓፍተይ።»

ተመልሳ ከአሰገደች አጠገብ ተቀመጠች። ከቅዳሜ ጀምሮ አልበላም እያለች ስትገፋው የነበረውን ትሪ ሳበች። አንድ ጉርሻ ጠቅልላ ጎረሰች፤ እንባዋ እየወረደ ቀስ ብላ አላመጠች።