የድልድዩ ጠላት

ነዒማ በክረምት ከእናቷ ጋር የምትገናኘው በጩኸት ነው። እሷ ያገባችው ከወንዙ ወዲህ፣ ወደ ቡታጅራ በሚያወጣው በኩል ነው፤ እናቷ እማማ ባሂራ ደግሞ ወንዙ ማዶ ናቸው። በበጋ ልጅ የሚዘለው ውሃ ሐምሌ ሲገባ ሰው አላሻግር ይላል። ያኔ እናት ከዚያ፣ ልጅ ከዚህ ይቆሙና ይጯጯኻሉ። የነዒማ ባል በምን በምን እንደሚያኮርፍ የማያውቅ የመንደሩ ሰው የለም። ስልክማ አለ። እናቲቱ ግን «ዓይንሽን ሳላየው ድምፅሽን ምን ላድርገው» ብለው ሣጥን ውስጥ ቆልፈውበታል።

ባለፈው ክረምት ታዲያ ነዒማ ጉሮሮዋ እስኪነቃ ስትጮኽ፣ እናቷ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ ደግነው ትንሽ ቆዩና፣ ምንም ሳይመልሱ እጃቸውን አውለብልበው ወደ ቤታቸው ገቡ። ጆሯቸው ከድቷቸዋል። ነዒማ ቤቷ ገብታ አላለቀሰችም። የእግረኛ ድልድይ ኮሚቴ አቋቋመች።

ለትናንሽ ድልድዮች ገንዘብ የሚሰጥ አንድ ረጂ ድርጅት አለ ተባለ። ገንዘቡ የሚጠየቀው ግን በፕሮፖዛል ነው፤ ፕሮፖዛል ደግሞ ቡታጅራ ውስጥ የሚጽፈው ዮሴፍ ነው። ዮሴፍ የጸሎት ቤት ልጅ ነው፤ ሲጽፍ ረጋ ያለ፣ መዋሸት የማይሆንለት። ነዒማ የመንደሩን ሽማግሌ አባ ዱባለን ይዛ በባጃጅ መጣች። የአባ ዱባለ ፊርማ ከሌለበት በዚያ መንደር ጉድጓድም አይቆፈርም።

ዮሴፍ በጀቱን አነበበላቸው። ሲሚንቶ፣ ብረት፣ የግንበኛ ዋጋ። አሸዋና ድንጋይ የሕዝቡ መዋጮ። አባ ዱባለ በያንዳንዱ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«መጠባበቂያ…» አለ ዮሴፍ።

«እሱ ምንድን ነው?»

«ያልታሰበ ነገር ቢመጣ የሚወጣ ገንዘብ ነው አባባ።»

«ያልታሰበ ደግ ነው ያልታሰበ ክፉ?»

«እንግዲህ… ክፉ።»

«ለመከራ ቀለብ ቆረጣችሁለት? ቀለቡ የተቆረጠለት እንግዳ መች ይቀራል!»

መጠባበቂያው ተሰርዞ ወደ ሲሚንቶው ገባ። ዮሴፍ ላቡን ጠርጎ ወደሚቀጥለው ገጽ አለፈ፤ የስጋት ሠንጠረዥ ይባላል። በሥራው ላይ ምን ክፉ ሊደርስ እንደሚችል፣ የመድረስ ዕድሉ ከፍተኛ ይሁን መካከለኛ ይሁን ዝቅተኛ፣ መላውስ ምን እንደሆነ የሚጻፍበት ነው።

«ጎርፍ ድልድዩን ሊወስደው ይችላል» ብሎ አነበበ።

አባ ዱባለ ከዘራቸውን አንስተው ቆሙ። «አታሟርት! ገና ድንጋይ ሳይጣል አፈረስከው እኮ። አልፈርምም።»

አይፈረድባቸውም። አንድ ክረምት በርበሬ የጫነች በቅሏቸውን ይዘው ሊሻገሩ ሲሉ፣ «ይሄ ውሃ ዛሬ በቅሎዬን ሳይወስዳት አይቀርም» አሉ። ወሰዳት። በቅሎዋ ውሃው ሲጎድል በእግሯ ቤቷ መጣች፤ አባ ዱባለም እስከ ዛሬ «በቅሎዬ ዋና ታውቃለች» እያሉ ያወሩላታል። በርበሬው ግን እንደሄደ ቀረ። የታች መንደር ሰዎች ያን ሳምንት ወጣቸው ላይ በርበሬ አልጨመሩም ይባላል። ማዶ ቆመው ያዩ የነበሩት አባ ሳኒ ደግሞ ሳቁ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የላቸውም።

«አባ ዱባለ» አለች ነዒማ፣ «ይሄ ገጽ ከሌለ አይቀበሉንም። ዓርብ ካልተላከ ደግሞ ዘንድሮም ክረምቱ ይቀድመናል። እናቴ አትሰማኝም እኮ።»

ሽማግሌው በሩ ላይ ቆመው ቀሩ።

«እኛስ ክፉ ነገር ስናወራ ‹ለጠላት ያድርገውና› እንል የለ? ወረቀቱም እንዲህ ቢልስ?» አለች ነዒማ።

አባ ዱባለ አሰቡና ተመልሰው ተቀመጡ። «እሱ ከተባለማ ሌላ ነው።»

ተጻፈ። ለጠላት ያድርገውና ጎርፍ ድልድዩን ቢወስደው። ጠላት ይሰበርና ሠራተኛ ወድቆ ቢሰበር። ጠላት ይክሰርና የሲሚንቶ ዋጋ ቢንር።

«እንግሊዝኛውም እንዲህ ይላል?» አሉ አባ ዱባለ ብዕሩን ይዘው።

ዮሴፍ እንግሊዝኛው ላይ ሊዘለው አስቦ ነበር። ዓይናቸውን አየና ቁጭ ብሎ ጨመረው። «አሁን ይላል አባባ።»

ፈረሙ።

መልሱ በጥር መጣ። ዮሴፍ ደውሎ ሁለቱንም አስጠራቸውና ፊቱ ላይ ምንም ሳይታይ አነበበላቸው። ፕሮፖዛሉ ተወዷል። ነገር ግን በስጋት ሠንጠረዡ በየረድፉ የተጠቀሰው ጠላት ማን እንደሆነ አልተገለጸም። ማንነቱ፣ ከድልድዩ ጋር ያለው ግንኙነት፣ ከእሱም ጋር የተደረገው ውይይት እስከ ሰኞ ተብራርቶ እንዲላክ፤ ካልሆነ ማመልከቻው እንደተተወ ይቆጠራል።

«አባባል ነው ብዬ ልጻፍላቸው እህቴ?» አለ ዮሴፍ።

«ቆይ» አሉ አባ ዱባለ። «ሰዎቹ በደንብ ነው የጠየቁት። ጠላት አለን ወይስ የለንም?»

ዮሴፍ ሥራውን ሊከለክል የሚችል ሰው ካለ ብሎ የድልድዩን ንድፍ አገላበጠ። «ይሄኛው የድልድዩ እግር የመንደሩ መሬት ላይ ነው። የማዶው እግር የማን መሬት ላይ ነው የሚያርፈው?»

ነዒማ ከመጀመሪያውም ታውቅ ነበር። አባ ዱባለ ባሉበት ግን ያ ስም ተጠርቶ አያውቅም፤ ዝም ብላ ነገሩ በራሱ ይቃና ይሆናል ብላ ነበር። «የአባ ሳኒ ባሕር ዛፍ ላይ» አለች መሬት መሬት እያየች።

«ጠይቃችኋቸዋል?»

አባ ዱባለ ጣሪያውን አዩ። ጣሪያው ላይ ምንም አልነበረም።

«እሳቸው እንቢ ካሉ ድልድዩ ግማሽ ነው» አለ ዮሴፍ።

«ግማሽ ድልድይ መዝለያ ነው» አለች ነዒማ። «እናቴ ደግሞ አትዘልም።»

በማግሥቱ ውሃው ቁርጭምጭሚት የማይነካ ሆኖ ሳለ፣ አባ ዱባለ ከነዒማ ጋር ወደ አባ ሳኒ ቤት ሲሻገሩ ጠላታቸው ውሃው እንደሆነ ሁሉ እየገላመጡት ነው። እማማ ባሂራም ሰው ሲመጣ አይተው ከጎረቤት መጡና ከልጃቸው አጠገብ ተቀመጡ።

«አሰላሙ ዐለይኩም» አሉ አባ ዱባለ።

ሰላምታ የማይመልስ ሙስሊም የለም። አባ ሳኒ መለሱ፤ አጭር አድርገው።

ነዒማ ነገሩን ከሥሩ አስረዳች። አባ ሳኒ እስከ መጨረሻው ሰሙና፣ «እና ጠላቱ እኔ ነኝ አላችሁ?» አሉ።

«አላልንም አባ ሳኒ። ልንጠይቅዎት ነው የመጣነው።»

«ነህ?» አሉ አባ ዱባለ።

«እኔ የሳቅኩት በርበሬህ ላይ ነው እንጂ በቅሎህ ላይ አይደለም። በቅሎህንማ ከታች ከቋጥኙ ሥር ማን ያወጣት ይመስልሃል?»

«ዋና ታውቃለች…»

«ዋና! ድንጋይ እንደሷ ይዋኛል። አንገቷ ላይ ገመድ አልነበረም?»

አባ ዱባለ በከዘራቸው መሬቱን ጫር ጫር አደረጉ። «ነበር» አሉ በመጨረሻ። «እኔም የማን ገመድ ነው እላለሁ።»

«የእኔ ነው! ያመሰግነኛል ብዬ ስጠብቅ ሰላምታም ነሳኸኝ፤ ገመዴንም አልመለስክም።»

«ላሜን አስሬበት ነበር» አሉ አባ ዱባለ ቀስ ብለው። «ጠንካራ ገመድ ነው።»

«አውቃለሁ ጠንካራ መሆኑን።»

ከዚያ በኋላ የመሬቱ ነገር ብዙ አላከራከረም፤ አባ ሳኒ ባሕር ዛፋቸውን ጭምር ለመወጣጫው እንጨት ሰጡ። ግን ምን እንደሚጻፍ ልስማ አሉ። ነዒማ ከዮሴፍ የተቀበለችውን ወረቀት አነበበች። «ጠላት፦ አቶ ሳኒ። ሥራውን የማሰናከል ዕድላቸው፦ ዝቅተኛ።»

«ዝቅተኛ?» አባ ሳኒ ቀና አሉ። «እኔ ዝቅተኛ? በዚህ ማዶ አንድ ነገር ላሰናክል ብል ከእኔ በላይ ማን አለ?»

«እውነቱን ነው» አሉ አባ ዱባለ። «ከፍተኛ በይው፤ ሰው አታዋርጂ።»

«ከፍተኛ ካልነው ገንዘቡ ይቀራል አባ!»

ተደራድረው በመካከለኛ ተስማሙ። «መላ» በሚለው ቦታ ላይ ነዒማ፣ «ገመዱ ይመለሳል» ብላ ጻፈች።

ገንዘቡ ተፈቀደ። ረጂው ድርጅት የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ገመዱ ስለመመለሱ ማስረጃ። ዮሴፍ ፎቶ አነሳ። አባ ዱባለ አንዱን ጫፍ፣ አባ ሳኒ ሌላውን ጫፍ ይዘዋል፤ ሁለቱም አልሳቁም። ፎቶው ተልኳል።

ሐምሌ ገባ። ውሃው እንደ ልማዱ ድንጋይ እያንከባለለ መጣና በድልድዩ ሥር አለፈ። ነዒማ ከላይ ተሻገረች፤ እናቷ ማዶ ቆመው እየጠበቁ ነበር። ይዛ የመጣችውን ወሬ ሁሉ እንደ ድሮው መጮኽ ጀመረች።

«ቀስ» አሉ እማማ ባሂራ ፊቷን በሁለት እጃቸው ይዘው። «ምን ያስጮኽሻል? እያየሁሽ።»