ጆሮው አምፕሊፋየር ሊመርጥ ሄደ

ሹፌሩን ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በአውቶቡስ ጋራዡ በስሙ የጠራው የለም። «ጆሮው» ነበር የሚሉት። ኩሽኔታ ሊበላ ሲል፣ ቀበቶ ሊበጠስ ሲዳዳው፣ መካኒኮቹ ኮፈን ሳይከፍቱ እሱ በድምፁ ብቻ ለይቶ ይነግራቸው ነበር። ጡረታ ወጥቶም ስሙ አብሮት ወጣ። መንገድ ላይ የድሮ ባልደረባ «ጆሮው!» ብሎ ከተጣራ ቀኑን ሙሉ ፊቱ በርቶ ይውላል።

ምስጢሩን የደበቀውም ለዚህ ነው። ዕድሜ ልኩን ከሹፌር መስኮት ጋር ተጎራብቶ የኖረውን የግራ ጆሮውን ንፋስና ጡሩምባ ተረባርበው ከጨረሱት ሰነባብቷል። ሐኪም ቤት ሄዶ ቁርጡን አውቋል። ለባለቤቱ ግን «ደም ግፊቴን ነው የለኩኝ» ብሎ ዋሽቷታል። አንድ ጆሮ ብቻ የቀረው ሰው እንዴት ተብሎ ጆሮው ይባላል?

ዘዴ አላጣም። መንገድ ላይ «ፀሐይ መታሽ» ብሎ ባለቤቱን ወደ ቀኙ ያዞራታል፤ ዝናብ ሲጥልም «ፀሐይ መታሽ» ይላታል። ገበታ ሲቀርብ ግራውን ለግድግዳው ሰጥቶ ይቀመጣል። እንዲያም ሆኖ በግራው በኩል የሆነ ነገር ከተባለ ፈገግ ይልና «ልክ ነሽ» ብሎ ይገላገላል። ይቺ «ልክ ነሽ» ግን ጉድ አድርጋዋለች። አንድ ቀን ከውጭ ሲመለስ የሳሎኑ በር ቢጫ ሆኖ ጠበቀው። «ምነው፣ እሺ ብለኸኝ የለ እንዴ?» አለችው። የሚስቱ እህት ድመትም «ለጥቂት ቀን» ተብላ መጥታ እሱ ወንበር ላይ ከተደላደለች ዓመት አለፋት። ለሷም እሺ ብሏል አሉ።

ነገሩ የመጣው በልጃቸው በኩል ነው። ቤት ስትቀይር መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጡ ሁለት ትንንሽ ስፒከሮች ትታላቸው ሄደች። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ከስፌት መኪናዋ ጋር ስለምትውል ዘፈን አማራት። ልጅቷ በስልክ «እነሱ ለብቻቸው አይሠሩም፤ አምፕሊፋየር ይፈልጋሉ» አለች። «ትንሽ፣ ርካሽ ይበቃችኋል። አባዬ፣ አንተ ምረጠው፤ እንዳንተ ጆሮ ያለው ማን አለ?» ጆሮው ስልኩን ቀኝ ጆሮው ላይ እንደለጠፈ ላብ አጠመቀው።

በማግስቱ ባለቤቱ ስፒከሮቹን በአንሶላ ጠቅልላ ፊት ፊቱን መራችው።

ባለሱቋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች ቀጭን ሴት ናት። ክፍላቸው ምን ያህል እንደሚሰፋ ጠየቀቻቸውና «እንግዲያው ካርቶኑ ላይ የተጻፈው የዋት ቁጥር አያታልላችሁ፤ አብዛኛው ጉራ ነው» አለች። «ለነዚህ ለትንንሾቹ ትንሽ ጉልበት ይበቃል። ዋናው፣ ሲጮህ እንዳይሻክር፣ ዝም ሲል ደግሞ እንዳያጉረመርም ነው።»

ባንኮኒው ላይ ሦስት ደረደረችላቸው። አንዱ የሳሙና ማስቀመጫ የሚያህል፣ ሰማያዊ መብራት ያለው ነው። ሁለተኛው ብርማ፣ ቀጭን፣ ሸንቃጣ። ሦስተኛው ጎኑ እንጨት የለበሰ አሮጌ ነው፤ አንዱ ማዞሪያው ወልቆ ከሌላ ዕቃ የመጣ ቀይ ማዞሪያ ተተክቶለታል። በዋጋው ከሁሉም የሚያንሰው እሱ ነው።

ጆሮውን ከሁለቱ ስፒከሮች መሀል አስቀመጡት። በቀኙ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ የመንገዱ ጫጫታ ይገባል። እሱም በጋራዡ ጊዜ እንደለመደው ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ዘንበል አደረገ። ባለሱቋ የመጀመሪያውን ከፈተችው። አንድ ሰው አንድ ስንኝ ዘፈነ፤ ዝም አለ። ቀጠለ፤ ደግሞ ዝም አለ። «እስትንፋሱን በደንብ የሚወስድ ዘፋኝ ነው» አለ ጆሮው በልቡ። ከዚያ ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ ፍርዱን ሰጠ።

«ንጹህ ነው! ሁለቱም እኩል ነው የሚናገሩት። ምንም የጎደለ ነገር የለም።»

ባለሱቋ ግራ ገባት። «ጋሼ፣ የግራው እኮ ገና አልተሰካም። ገመዱ ይኸው እጄ ላይ ነው። ዘፈኑ ደግሞ የሁለት ሰው ነው፤ ሴትየዋ በግራ በኩል ነው የምትመልስለት።»

ጆሮው መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ፊቱ በርበሬ መሰለ። አለቀ፣ ስሜም ክብሬም እዚሁ ባንኮኒ ላይ ቀረ ብሎ ባለቤቱን በስርቆት አያት። እሷ ግን አሮጌውን አምፕሊፋየር እያገላበጠች ነበር።

«ሴትየዋን እኔም ልብ አላልኳትም» አለች ቀና ሳትል። «ይልቅ ይሄ ቁልፍ የምንድነው?»

«ሞኖ ይባላል። ሲጫኑት የቀኙና የግራው ይቀላቀልና እያንዳንዱ ስፒከር ሙሉውን ዘፈን ያሰማል። እነዚህ አዲሶቹ ላይ የለም። ማን ይፈልገዋል ብለው ነው መሰለኝ።»

«እኔ ነኛ! አንዱ እሱ ወንበር ጋ፣ አንዱ የስፌት መኪናዬ ጋ ሊሆን ነው። ታዲያ እሱ ሰውየውን ብቻ፣ እኔ ሴትየዋን ብቻ ስንሰማ ልንውል ነው?»

ባለሱቋ ስቃ ሁለቱንም ስፒከሮች አሮጌው ላይ ሰካችና ቁልፉን ተጫነች። ሰውየው ስንኙን ዘፈነ፤ ዝም አለ። ዝም ባለበት ቦታ ሴትየዋ መጣች። ጆሮው ከወንበሩ ብድግ አለ። ይቺን ዘፈን እኮ ከወጣትነቱ ጀምሮ ያውቃታል! ሴትየዋ ግን ግራ ጆሮው ከደከመ ወዲህ ጠፍታበታለች፤ በየታክሲው እንዲህ ግማሽ ዘፈን በሰማ ቁጥር «ቆርጠውታል» እያለ ሹፌሮቹን ሲያማ ነው የከረመው።

«የትኛው ይሻላል ጋሼ?»

«ይሄ አስቀያሚው» አለ ወደ አሮጌው እየጠቆመ።

ቤት ሲደርሱ ባለቤቱ አንዱን ስፒከር ከስፌት መኪናዋ አጠገብ አኖረች። ሌላውን ይዛ ድመቷን ከወንበሩ አስነሳችና በስተቀኝ በኩል ካለው በርጩማ ላይ አስቀመጠችው።

«መደርደሪያችን በግራ ነው ያለው። ለምን በቀኝ?» አላት።

«የምትሰማው በቀኝ ነዋ» አለች መርፌዋ ላይ ክር እያስገባች።

ጆሮው ቀስ ብሎ ተቀመጠ። «ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?»

«ዝናብ እየወረደብን ፀሐይ መታሽ ካልከኝ ቀን ጀምሮ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

ክሩን ተወችው። «ጆሮው ሲሉህ ፊትህን አየዋለሁ። አንተው እስክትነግረኝ ልጠብቅ ብዬ ነው። ደግሞም...» ሳቋ አመለጣት። «የድመቷን ነገር የጠየቅኩህ በየት በኩል ቆሜ ይመስልሃል?»

«በሩንስ?»

«በሩንም!»

ጆሮው መጀመሪያ ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ሳቅ ነው። እንባው እስኪወርድ ሳቀ፤ ድመቷ ደንግጣ ጠረጴዛ ሥር ገባች። ሳቁ ሲበርድለት ጉልበቱን እያሻሸ ተናገረ።

«የግራው ሞቷል። ሐኪሙ ነው የነገረኝ። ያን ቀን ደም ግፊቴን አልተለካሁም።»

«እሺ» አለችው። መጥታ ትከሻውን ጨበጥ አድርጋ ተመለሰች። ያን ሁሉ ጊዜ የፈራው ነገር ይኸው ነበር፤ ተነገረና አለቀ።

አምፕሊፋየሩን ከፈቱት። እሷ እየሰፋች፣ እሱ ቀዩን ማዞሪያ እየነካካ ያችኑ ዘፈን ደጋግመው ሰሙ። ትንሽ ቆይታ መቀስ ልትፈልግ ተነሳችና በግራው በኩል ስታልፍ የሆነ ነገር አለችው። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየ። «ልክ» ብሎ ጀምሮ ዋጠው። ከነወንበሩ ወደሷ ዞረ።

«አልሰማሁሽም። ምን አልሽ?»

«መጋረጃውን ብርቱካናማ ላድርገው ወይ ነው ያልኩት።»

«በጭራሽ!» አለ ጆሮው።