የእጅ ነገር

የቀዶ ሕክምና ክፍሉን ኃላፊ «ወርቅ እጅ» ይሉታል። ስሙን ለራሱ ያወጣው እሱው ነው ብላ በሥሩ የምትሠራ አንዲት ቀዶ ሐኪም ታምናለች። ጉበቱን ቀዶለት የሞተበት ሰው የለም ይባላል፤ እሱም በየስብሰባው ደረቱን ነፍቶ ይህንኑ ያወራል።

እንዴት እንደሚያደርገው ግን ታውቃለች። ጠዋት የሕመምተኞቹ የጉበት ሲቲ ስካን ፊልም በመብራት ሲታይ፣ አንዲት ትንሽ እጢ ብቻ ያለችበትን ቀድሞ ለራሱ ያነሳል። እጢው የገዘፈበትን፣ ሦስት አራት ቦታ የተበተነበትን «ልምድ ይሆንሻል» እያለ ወደ እሷ ይገፋል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ቀዶው ቢሳካላቸውም በሽታው ይመለስባቸዋል። ያኔ ከንፈሩን እየመጠጠ «እጅ ተሰጥኦ ነው» ይላል። እሷም እንዲህ ላለ ሰው ቃል ማባከን ትጸየፋለች።

አንድ ቀን ቢሮዋ መጣ። ሳያንኳኳ መግባት ልማዱ ነበር፤ ያን ቀን አንኳኳ። የያዘው የታላቅ ወንድሙን ፊልም ነው፦ አንድ ትልቅ እጢ፣ አጠገቡ ሁለት ትናንሽ።

«አንቺ ብትሠሪው» አለ። «የራስ ሰው ሲሆን እጅ ይንቀጠቀጣል።»

«የባዳ ቢሆንስ ይሠሩት ነበር?»

ፊልሙን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ «ይድናል?» ሲል ጠየቀ።

«ከቀዶው ይነሳ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ያለውን በአብዛኛው የሚወስነው የእጢው ብዛትና ግዝፈት ነው። ይህን እኮ ያውቁታል፤ ለሰው ሲናገሩት ግን ሰምቼ አላውቅም።»

ወንድምየው ጡረታ የወጣ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ጨዋታ አዋቂ። «ልጄ፣ እሱ እያለ ለምን አንቺ?» አላት ከቀዶው በፊት።

«ስለሚሳሳልዎት ነው» አለች። ለዚያ ፈሪ ስትዋሽለት ራሷን ታዘበች፤ እጢው ሊመለስ እንደሚችል ግን ለሹፌሩ አልደበቀችውም።

ቀዶው ተሳካ፤ ሰውየውም በእግሩ ቤቱ ገባ። በዓመቱ ግን እጢው ጉበቱ ውስጥ እንደገና በቀለ፤ ሰውየውም ሆስፒታል ተመልሶ ተኛ። ኃላፊው ተለማማጅ ሐኪሞቹን አስከትሎ አልጋው አጠገብ ቆመና በአገጩ ወደ እሷ እያመለከተ «ወንድሜን የሠራችው እሷ ናት፤ እኔ ብነካው ኖሮ...» ሲል ጀመረ።

«አፍህን ሰብስብ» አለ በሽተኛው፣ ድምፁን ሳያነሳ። «ያኔ እንዲህ ሊሆን እንደሚችል ሳትደብቅ ነግራኛለች። አንተ ግን ፈርተህ ሸሸህ። አሁን በእኔ ሬሳ ልትኮራ ነው? ገና እኮ አልሞትኩም።»

ተለማማጆቹ ጫማቸውን ያዩ ጀመር። ኃላፊው ስልክ እንደተደወለለት ሰው ኪሱን ዳበሰና ወጣ። እሷ ዞራ እንኳ አላየችውም። ወንበር ስባ ከሹፌሩ ራስጌ ተቀመጠችና ስለቀረው መድኃኒት፣ ምን ያህል ዕድሜ ሊገዛ እንደሚችልም፣ አንድ በአንድ ታስረዳው ጀመር።