ሰሊጥ የማያውቅ እጅ

ሁዜይፋ የሠራው የፕላስቲክ እጅ ሻይ ያነሳል፤ እንቁላልም ሳይሰብር ይይዛል። ባንታምላክ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል፤ ሱዳን ውስጥ ገዳሪፍ፣ የሁዜይፋ ቤተሰቦች ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጦ ብርጭቆ ሲያነሳና እንቁላል ሲይዝ አራት ወር ሙሉ በስልክ ተቀርጿል። ሁዜይፋ ካርቱም የባዮሜዲካል ምህንድስና ይማር ነበር። ጦርነቱ ትምህርቱን ቢያቋርጥበት ወደ ቤተሰቦቹ ተመልሶ የመመረቂያ ሥራውን ባንታምላክ ላይ ጀመረ። የፕላስቲክ ጣቶቹን የቆዳ ቀለም ቀብቶ ጥፍር ሳይቀር ስሎባቸዋል። ማጭድ ጨብጦ ለማያውቅ ሰው ጥፍር መሳል ትልቅ ቁም ነገር ነው።

የባንታምላክን ግራ እጅ ከሁለት ዓመት በፊት የማሽላ መውቂያ ማሽን ቀበቶ በልቶታል። ዛሬ ሀዋታ ከተማ አጠገብ ያለ እርሻ ላይ ለሥራ ሊፈተን ቆሟል። አዲሱ የእርሻው ወኪል ቱርካ ሠራተኛ የሚመርጠው በአንድ ነዶ ነው፤ የደረቀ የሰሊጥ ነዶ ከክምሩ አንስቶ፣ ቀጥ እንዳለ ማራገፊያው ሸራ ላይ የሚያደርስ ይቀጠራል። የደረቀ ሰሊጥ አፉን ከፍቶ ነው የሚጠብቀው። ጥቂት ከተነቀነቀ ፍሬው ይረግፋል፣ የረገፈውንም የተሰነጣጠቀው መረሬ አፈር ይውጠዋል። ባንታምላክ እዚህ ካልተቀጠረ የዘንድሮ አጨዳ አለፈው፤ ሌሎቹ እርሻዎች ሰው ሞልተዋል።

«ያላ ዐሞ፣ በሉ አጎቴ፣ አይጨነቁ! ሞተሩ ራሱ ያጠብቀዋል» አለ አብሮት የመጣው ሁዜይፋ፣ ሊቀርጸው ስልኩን ደግኖ።

ባንታምላክ ነዶውን አነሳ። ሞተሩ እዝዝ አለ፣ ጣቶቹ ተንቀጠቀጡ፣ ነዶውም አብሮ ተንቀጠቀጠ። ሦስት እርምጃ ሳይሄድ ሰሊጡ እግሩ ላይ ተንጠባጠበ።

«አቁም!» አለ ቱርካ። «ሰውየው፣ ልትሰበስብ ነው ወይስ ልትዘራ የመጣኸው?»

«ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም፣ ፕሮግራሙን ላስተካክለው» አለ ሁዜይፋ፤ ወዲያው ስልኩ ላይ አቀረቀረ። መሬት የፈሰሰውን ዞር ብሎ እንኳ አላየም። ባንታምላክ ናቀው። አራት ዓመት ተምሮ ሰሊጥ እንደሚረግፍ የማያውቅ ጎረምሳ!

ማሰሪያውን በጥርሱ ፈትቶ የፕላስቲኩን እጅ ወረወረለት። «እንካ፣ እንቁላልህን ያዝበት!»

ሌላ ነዶ አነሳ። በቀኝ እጁ ከሥር ደግፎ፣ በቆራጣው ክንዱ ደረቱ ላይ አስጠጋው፤ ልክ የተኛ ሕፃን እንደያዘ ሰው ጉልበቱን ለዘብ አድርጎ ተራመደ። አንዲት ፍሬ አልወደቀችም። ሰሊጡ የፈሰሰው ሸራው ላይ ሲገለብጠው ነው።

ቱርካ ከንፈሩን አጣመመ። «ይኸን እየቻልህ ያንን ጉድ ምን አሸከመህ? በል፣ ግባ።»

ሁዜይፋ ከተወረወረለት እጅ ላይ አቧራውን እየጠረገ ቀረበ። «ዐሞ፣ እንዲህ መሸከም እንደሚችሉ ለምን አልነገሩኝም?»

«መቸ ጠየቅኸኝ?» አለ ባንታምላክ ጮክ ብሎ።

ሠራተኞቹ ሳቁ። አንዱማ ሆዱን ይዞ ተቀመጠ። ልጁ የፕላስቲኩን እጅ ቦርሳው ውስጥ ከትቶ፣ አንገቱን ደፍቶ ወደ መንገዱ ሄደ።

ባንታምላክ ሌላ ነዶ ሊያነሳ ጎንበስ አለ፤ ፊቱ ግን ነደደ። ልጁ ጠይቆት ነበር። በመጀመሪያው ቀን፣ ክንዱን እንኳ ሳይለካ፣ ደብተር ይዞ አጠገቡ ተቀምጦ ምን ምን መሥራት እንደሚችል ጠይቆታል። አምስት ጣት አምሮት፣ «በአንድ እጅ ምንም አይሆንልኝም» ያለው እሱ ራሱ ነው።