ዘጠና አራት ዲግሪ

ሙባረክ ጫማ በመሸጥ ማንም አይበልጠውም፤ ስንፍናው ያለው ስልክ ላይ ነው። ሐዋሳ መሃል ከተማ ባለው የአባቱ ሱቅ አዲስ ዕቃ የገባ ቀን፣ ጠዋት በሱቁ ስልክ ፎቶ ያነሳል። ማታ ሱቁ ሊዘጋ ሲል ደግሞ የዕለቱን ፎቶና ቪዲዮ በሙሉ አንድ ላይ መርጦ፣ አንዱንም ሳያይ፣ የሱቁ ቴሌግራም ቻናል ላይ ይለቀዋል። ከሥሩም ሁሌ ያችኑ ይጽፋል፦ «አዲስ የገባ፤ በሁሉም ቁጥር አለ።» አንድ ጊዜ የገዛ ምሳውን ፎቶ ለቆ፣ ደንበኞች ሽሮው ስንት ቁጥር እንደሆነ ሲጠይቁት ሰንብተዋል።

ያን ጊዜ ከሁሉም አብልጣ የሳቀችው ታናሽ እህቱ ናዲያ ነበረች። የወንድሟን ልማድ ጠንቅቃ ታውቃለች። ያወቀችው ግን ለሳቅ እንጂ ለጥንቃቄ አልነበረም።

ናዲያና ጓደኛዋ ሶሊያና ሰባተኛ ክፍል ናቸው፤ የሚቀመጡትም አንድ ዴስክ ላይ ነው። የሳይንስ መምህራቸው ቲቸር ደምሴ ቴርሞሜትር አውሷቸው፣ ውኃ በስንት ዲግሪ እንደሚፈላ ራሳቸው ለክተው ሰኞ ለክፍሉ እንዲያስረዱ አዘዛቸው። ዕጣ ሲያወጡ ማስረዳቱ ለሶሊያና ደረሰ። እዚህ ላይ ነው ችግሩ፤ ሶሊያና ትንተባተባለች። ከእናቷ ጋር ስታወራ እምብዛም አይይዛትም። ሰው በዛ ሲል ግን የመጀመሪያው ፊደል ጉሮሮዋ ላይ ቁጭ ብሎ አልነሳም ይላታል።

በቪዲዮ ትቀረጽ የሚለው ሐሳብ የናዲያ ነበር። ራሷን ብታይ ፍርሃቱ ይለቃታል ብላ ነው። ሶሊያና አመነታች፤ በመጨረሻ ከሁለታቸው በቀር ማንም እንዳያየው፣ አይተውም እንዲያጠፉት አስምላት እሺ አለች። ናዲያም ወላሂ አለች።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ ከሱቁ ጀርባ ባለችው የዕቃ ክፍል፣ ያን ቀን የገቡትን የጫማ ካርቶኖች ገፋ አድርገው ድስት በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ጣዱ። ውኃው ተንተከተከ። ቴርሞሜትሩ ግን ዘጠና አራት ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ቢጠብቁት፣ ቢጠብቁት ወይ ፍንክች። መጽሐፉ የሚለው መቶ ነው። ናዲያ ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል ብላ ልትተወው ስትል፣ ሶሊያና መጽሐፉን ገልጣ የሚቀጥለውን ገጽ አነበበች። መቶ የሚሆነው በባሕር ጠለል ላይ ነው። ሐዋሳ ከፍ ያለች ስለሆነች ውኃውን ከላይ የሚጫነው አየር ይቀንሳል፤ ስለዚህ ውኃው መቶ ሳይደርስ ይፈላል። ሶሊያና ይህን ስታውቅ ፊቷ በራ፣ ቅረጪኝ ያለችውም ራሷ ናት፤ ናዲያም በሱቁ ስልክ ቀረጸቻት። ቀረጻው እንዳለቀ ሙባረክ ደንበኛ ሊደውልልኝ ነው ብሎ ስልኩን ተቀበላት። ቪዲዮውን ነገ እናየዋለን ተባባሉ፤ ሶሊያናም ማየቱ ለነገ ስለተላለፈላት ደስ አላት። ናዲያ ደግሞ ሌላ ደንበኛ መጥቶ ጫማ ስታወርድለት ቪዲዮውን ረሳችው።

እሑድ ጠዋት፣ አዲስ ከተማ ሰፈር ባለው ቤታቸው፣ የሱቁን ስልክ ከፍታ ቻናሉን አየች። ከሴቶች ክፍት ጫማና ከወንዶች ቡትስ መካከል ሶሊያና ቆማለች፤ ከሥሯም «አዲስ የገባ፤ በሁሉም ቁጥር አለ» ተብሎ ተጽፏል። የሚስቁ ፊቶች ተደርድረውበታል። አንዱ «ዋ... ዋ... ዋጋው ስንት ነው?» ብሏል። ሌላው ውኃ በመቶ እንደሚፈላ ያላወቀች ተማሪ ብሎ ተሳልቋል። የክፍላቸው ልጅ ኪሩቤል ደግሞ ቀድቶ የክፍሉ ግሩፕ ላይ ለጥፎታል።

ናዲያ ሙባረክን ከእንቅልፉ ቀሰቀሰችው። አይቶ ፊቱ ዓመድ መሰለ፤ ወዲያው ከቻናሉ አጠፋው። ለኪሩቤል ደወለች፤ መጀመሪያ ቀልድ ነው አለ፣ ስታለቅስ ሲሰማ ግን ከግሩፑ አጠፋው። ያየው ሰው ግን አይቷል።

አባቷ አቶ ዩኑስ ቁርስ ላይ ነበሩ። ናዲያ አጠገባቸው ተቀምጣ የሆነውን ተናግራ፣ ቻናሉ ላይ የሶሊያናን ስምና ትምህርት ቤቷን ጽፋ፣ ጎበዝ ተማሪ መሆኗንና ስለ ውኃው ያለችው ትክክል መሆኑን ልታስረዳ እንደምትፈልግ ነገረቻቸው። አባቷ ጉርሻቸውን ሳይውጡ ሰሟት፤ ቀስ ብለውም መለሱላት።

«ስሟን የማያውቀው ሁሉ አሁን ሊያውቀው ነው? መልኳን ያለ ፈቃዷ አወጣን፤ ስሟን ደግሞ አንጨምርም። ሂጂና መጀመሪያ ለእሷ ንገሪ። እሷ አድርጉ ያለችውን እናደርጋለን።»

ናዲያ የፈራችውም ይህንኑ ነበር፤ ለሶሊያና ራሷ መንገር። ሶሊያና ቤት ኢንተርኔት ያለው ስልክ የለም፤ ዝም ቢሏት እስከ ነገ አትሰማም። ሙባረክ በባጃጅ ባህል አዳራሽ ሰፈር ወዳለው የሶሊያና ቤት ሲወስዳት፣ መንገዱን ሁሉ የምትለውን አዘጋጀች፦ የለቀቀው ወንድሜ ነው፣ እኔ ምን ላድርግ። እውነትም ነው፤ ለቋል። ሙባረክም አጠገቧ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል፤ ጥፋቱን ቢያሸክሙት እምቢ የሚል አይመስልም።

ሙባረክ በር ላይ ቀረ። ሶሊያና ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ነጠላዋን እያጣጠፈች ነበር። ናዲያን ስታይ ፈገግ አለች።

«ቪ... ቪዲዮውን አመጣሽው?»

ያቺ ፈገግታ የባጃጁን ዝግጅት ሁሉ አፈረሰችው።

«ሙባረክ ሳያየው ቻናሉ ላይ ለቀቀው» አለች ናዲያ። «ግን ሁሉንም እንደሚለቅ አውቅ ነበር። ሳላጠፋ የሰጠሁት እኔ ነኝ። የክፍል ልጆችም አይተው ሳቁ።»

ሶሊያና ነጠላዋን አስቀመጠች። ከዚያ እጇን ዘረጋች። ናዲያ ስልኩን ሰጠቻት፤ ሶሊያናም ዓይኗን ሳትነቅል ማየት ጀመረች። መሀል ላይ አቆመችው፤ ወደ ኋላ መልሳ ያንኑ ቦታ ደገመችው፤ አሁንም ደገመችው።

«ይቺ የ... የምታወራው ማን ናት?»

ናዲያ ጆሮዋን ጣለች። ከስልኩ ጀርባ የራሷ ድምፅ ይሰማል። ሶሊያና ዘጠና ለማለት «ዘ» ስትል፣ ያ ድምፅ ቸኩሎ «ዘጠና አራት» ይላል። «አ» ስትል «አየር» ይላል። በቪዲዮው ውስጥ ሶሊያና አንድም የከበዳትን ቃል ራሷ አልጨረሰችም። ናዲያ ይህን እንደምታደርግ እስከዛሬ ሰምታው አታውቅም።

«እኔ ነኝ» አለች። «ላግዝሽ ብዬ እኮ ነው።»

«አ... አውቃለሁ። ለሳቁት ልጆች ግ... ግድ የለኝም። አንቺ ግን ጓደኛዬ ነሽ፣ ሁልጊዜ ቃሌን ት... ት...» ናዲያ አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። «ትወስጂብኛለሽ። ብትጠብቂኝ ይ... ይመጣል።»

ቪዲዮውን ሶሊያና ራሷ አጠፋችው። ቻናሉ ላይ ምንም እንዲጻፍ አልፈለገችም። ናዲያ ነገ ትመጣ እንደሆነ ስትጠይቃት ትከሻዋን ብቻ ሰበቀች። ሽንኩርት እየላጡ ሁሉንም የሰሙት እናቷ እትዬ ሙሉዓለም፣ ናዲያን እስከ በር ሸኟትና ለዛሬ እንድትተዋት በለሆሳስ ለመኗት።

ሰኞ ደወሉ ሲደወል የሶሊያና ቦታ ባዶ ነበር። ቲቸር ደምሴ ስም መጥራት ሲጀምር ገባች፤ እንደምን አደርሽ ሳትል ናዲያ አጠገብ ተቀመጠች። ናዲያ ደስታዋን ዋጥ አድርጋ ጠጋ አለችላት።

ተራቸው ደረሰና ሶሊያና ተነሥታ ሰሌዳው ፊት ቆመች። ከኋላ አንዱ ሊስቅ ሲል ቲቸር ደምሴ ገላመጠው። የፈላው ውኃ ዲግሪ ላይ ስትደርስ «ዘ» አለችና ቀረች። ልጆቹ እንደ ወትሮው ወደ ናዲያ ዞሩ። ቲቸር ደምሴም እርጃት በሚል ዓይን አያት። ናዲያ ሁለት እጆቿን ጭኗ ሥር ከታ ሶሊያናን ብቻ ታያለች። ምላሷ ላይ የመጣውን ቃል መልሳ ዋጠችው። ከውጭ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ልጆች ጫጫታ ይሰማል። ክፍሉ ውስጥ ሳቁ ሳይመጣ ቀረ።

«ዘጠና አራት» አለች ሶሊያና።

ኪሩቤል እጁን አወጣ። ሊያሾፍ አልነበረም፤ አፍሮ መሬት መሬት እያየ መጽሐፉ ግን መቶ ይላል፣ ለምን ሆነ ብሎ ጠየቃት። ሶሊያና ወደ እሱ ዞረች። «አ...» አለች፤ «አ...»

ናዲያ መልሱን ታውቀዋለች። እንደ ሌሎቹ ተማሪዎች ቀና ብላ ጠበቀች።