የአባባ ከተማ

ቴሚር የሚባል ሰው በእኛ አገር ሞልቷል። በዚህ ስም ካን የሚባል ገዥ ነበረ፣ ስመ ጥር ፈረሰኛ ነበረ፣ ዘፋኝም አለ። ለመንደራችን የምትቀርበው ከተማም ቴሚር ናት። የአባቴ አባትም ቴሚር ነበሩ፤ የእናቴ መከራ የመጣው በዚህ ነው። እኛ ካዛኮች ዘንድ ምራት የአማቷን ስም አትጠራም። እሳቸው ባይሰሙም፣ ስሙ የከተማ ቢሆንም አትጠራም።

እናቴ ባልዣን ከተማዋን «የአባባ ከተማ» ነበር የምትላት። አክስቶቼ ሊያሾፉባት፣ «ባልዣን፣ ጨርቁን የት ገዛሽው?» ይሏታል።

«ሂዱ ወዲያ! እናንተው ጥሩት፣ የአባታችሁ ስም ነው!»

እኔም አብሬ እስቅ ነበር።

በአንድ የብርድ ወራት የእናቴ እናት ልቧን ታማ ቴሚር ሆስፒታል ገባች። አባቴ ከብት ይዞ ርቆ ሄዷል። እናቴ ወታደር ቤት ላለው ወንድሟ ለኦንጋር ቴሌግራም ልትልክ ፖስታ ቤት ሄደች። ፊደል ስላልቆጠረች የምትጽፍላት ሠራተኛዋ ነበረች፤ ወጋችንን የማታውቅ፣ አዲስ የመጣች የሩሲያ ልጅ።

«እናትሽ የት ነው የተኙት?»

«ሆስፒታል።»

«የት ከተማ?»

እናቴ አፏን በሻርፗ ሸፈነች። «እዚህ ቅርብ ያለችው… የአባባ…»

«ስም የላትም እንዴ? ሰው እኮ ተሰልፏል!»

ከኋላዋ ያለውን ሰው «ስሟን ጥራልኝ» ብትለው ይበቃት ነበር። አፈረች። «ከተማ ሆስፒታል በይው» አለች። ኦንጋር መጀመሪያ እኛ ቤት ይመጣል፣ ያኔ አንዳችን እንነግረዋለን ብላ ነበር።

ከተማ ሲባል ግን ሰው ሁሉ የሚያውቀው ትልቋን ከተማ አክቶቤን ነው። ኦንጋር ከባቡር እዚያው ወርዶ በየሆስፒታሉ ሲንከራተት ሰነበተ። ቴሚር ሲደርስ እናቱ ተቀብራለች። እስከ መጨረሻዋ ድረስ በሩን እያየች «ደረሰ?» ትል ነበር አሉ። ያቺን ሠራተኛ አልወቅሳትም፤ ወጉን ግን ረግሜዋለሁ።

ኦንጋር አልተቆጣም። ቢቆጣት ይሻላት ነበር። «እህቴ፣ አንዲት ቃል!» ብቻ ነው ያላት። አያቴ ቴሚር ነገሩን ሲሰሙ ከዘራቸውን ወረወሩ።

«ምነው ልጄ! ስሜ ከእናትሽ ይበልጣል? ብትጠሪው እሞት ኖሯል?»

እናቴ አቀርቅራ ሻያቸውን ቀዳች። እስኪሞቱ ድረስም ስማቸውን አልጠራችም።

ኦንጋርም ከሞተ ቆየ። ዘንድሮ በመኪናዬ ይዣት ስሄድ፣ አንዱ ወደ ቴሚር አንዱ ወደ አክቶቤ የሚወስደው መንታ መንገድ ላይ ስንደርስ «አቁሚ» አለችኝ። ወረደች። ድምጿን ከፍ አድርጋ የማታውቀው እናቴ ፊቷን ወደ አክቶቤ አዙራ ጮኸች።

«ኦንጋር! ቴሚር ናት! እናታችን ቴሚር ናት!»

መንገዱ ላይ ማንም አልነበረም። ተመልሳ ገባችና ሻርፗን አስተካከለች።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለች። «ንጂው በይ።»