ያልተዘጋው በረት

ኪራኮስ አሳማ እንደሚያጠምድ ለሰው አይናገርም ነበር። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ «ሥራ እንዴት ነው?» ሲሉት «ፔስት ኮንትሮል ነኝ» ይላል፤ ሰውም አይጥና በረሮ መስሎት ያልፈዋል። እሱም ይምሰላቸው ብሎ ዝም ነው። አሳማ የሚል ቃል ካወጣ የሐበሻ ጥያቄ አንድ ብቻ እንደሆነ ያውቃል፦ «ቀመስከው እንዴ?» ከዚያ በኋላ ስም ሊያወጡለት አንድ እሑድ ይበቃቸዋል።

እውነቱን የሚያውቁት ሚስቱ ቅድስትና አበልጁ ጉልላት ከነሚስቱ ብቻ ናቸው። የጉልላት ሚስት ጽጌሬዳ የኪራኮስን ልጅ ኢየሩስን ክርስትና ያነሣች ናት፤ ሁለቱ ባሎችም በዚያው አበልጅ ሆነው ቀሩ። ከወንድም ጋር መጣላትና መታረቅ ያለ ነው። አበልጅ ግን ሌላ ነው፤ በመካከል ልጅ አለች፣ መሐላ አለ።

ኪራኮስ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ሲነዳ ኖሮ ሲሰለቸው ነው ሥራውን የለቀቀው። ኮርስ ወሰደ፣ ፈቃድ አወጣ፣ በራሱ ስም ኩባንያ ከፈተ። የመጀመሪያ ኮንትራቱ ከኦኮቶክስ ከተማ ወዲያ ያለው የሚስተር ዋልተር እርሻ ነበር። የዱር አሳማ የሽማግሌውን ማሳ በአፍንጫው አርሶ ጨርሶታል። ሚስተር ዋልተር ነገር ማሽሞንሞን አያውቁም። «መንጋውን ሙሉ በሙሉ ከያዝክልኝ የእኔም የጎረቤቶቼም ሥራ ያንተ ነው» አሉት። «ካልቻልክ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።»

ሙሉ በሙሉ። ችግሩ ያለው እዚያ ላይ ነው። አሳማ ብልጥ ነው። ግማሹን ገድለህ ግማሹ ካመለጠ፣ ያመለጠው ተምሮ ይበታተናል፣ ሌላ ማሳ ላይ ሄዶ ይወልዳል፣ በረት የሚመስል ነገር ካየ ዳግመኛ አይጠጋም። ስለዚህ ኪራኮስ ሰፊ የሽቦ በረት ሠራና በሩን ክፍት ትቶ፣ የኮመጠጠ በቆሎ እያፈሰሰ፣ የበረዶውን ወራት ሙሉ አለማመዳቸው። መጀመሪያ ግልገሎቹ ገቡ፤ ቀጥሎ ጎረምሶቹ። ትልቋ እናት ብቻ ደጅ ቆማ ታያለች። እሷ ስትገባ ኮረብታው ላይ ከቆመ መኪና ውስጥ ሪሞት መጫን ነው፤ በሩ ይወርዳል፣ አለቀ። እሷ ሳትገባ ከወረደ ግን የወራት ልፋት አፈር በላ።

በሕማማት ሳምንት እናቲቱ አንገቷን እስከ ትከሻዋ አስገባች። ኪራኮስ በደስታ ቤቱ ገብቶ ቅድስትን አቅፎ አሽከረከራት። በማግሥቱ ሙሉ በሙሉ ትገባለች ማለት ነው፤ ችግሩ ማግሥቱ ዓርብ ስቅለት ነው። አሳማዎቹ የሚመጡት ከቀትር በኋላ፣ እሱ ቤተ ክርስቲያን በሚሰግድበት ሰዓት ነው። ስቅለት ቀርቶ አያውቅም፤ ስልኩንም ያን ቀን አጥፍቶ መኪና ውስጥ ነው የሚተወው።

«አንተ ሂድ ስገድ» አለው ጉልላት። «እኔ ዓርብ ኦፍ ነኝ። ቁጭ ብሎ በተን መጫን ምን ያቅተኛል?»

«ሁሉም ሳይገቡ እንዳትጫን። ከመኪናህም እንዳትወርድ።»

«ስንቴ ነው የምትነግረኝ? ሂድ አልኩህ እኮ! ለእኔም ጨምረህ ስገድልኝ።»

ኪራኮስ ሪሞቱንና የእርሻውን በር ቁልፍ ሰጠው። የዋህ አይደል? ሰገደለትም። የራሱን ስግደት ጨርሶ የአበልጁን ጀመረ፤ ጉልበቱ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ አንዷን ሳይሰርቅ ጨረሰለት።

ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ስልኩን ሲከፍት ሚስተር ዋልተር ደጋግመው ደውለዋል። መልሶ ሲደውል ሰላምታ እንኳ አልሰጡትም። «እርሻዬ ላይ ተኩስ ነበር» አሉት። «በሽጉጥ! ሁለት ሰዎች ሲሮጡ አይቻለሁ። በሩ አልተሰበረም፤ በቁልፍ ነው የገቡት። ቁልፉ ያለው ደግሞ አንተ ጋ ነው።»

ነጠላውን እንዳጣፋ ነድቶ ሄደ። በረቱ ውስጥ ሁለት ግልገሎች ሞተው ተጋድመዋል። የደም ዱካ በክፍቱ በር ወጥቶ ወደ ወንዙ ቁጥቋጦ ይወርዳል፤ ኮቴው ከዚያ ወዲያና ወዲህ ተበትኗል። መንጋ የሚባል ነገር የለም። ኪራኮስ በቆሎው ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ለአሳማ ያለቀሰ የመጀመሪያው ሐበሻ ሳይሆን አይቀርም።

ጉልላት ስልክ ሲያነሣ ድምፁ ተሰባብሯል። «አበልጄ፣ ምን ልበልህ! ብቻዬን እንዳይደብረኝ ባርናባስን ይዤው ሄድኩ። ከሬንጅ ቀጥታ ስለመጣን ሽጉጦቹ መኪና ውስጥ ነበሩ። ጥቂቶቹ ናቸው የገቡት፤ እናቲቱ አልገባችም። ጠጋ ብለን ልናይ ስንል መጣችብን። ምን እናድርግ? ተኮስን።»

ባርናባስ ጉልላት ኢላማ የሚለማመድበት ሬንጅ ጓደኛው ነው። እዚህ አገር ፈቃድ ያለው ሰው ሽጉጡን ከቤት ወደ ሬንጅ፣ ከሬንጅ ወደ ቤት ነው የሚወስደው፤ ይዞ አደን መውጣት ያሳስራል። ኪራኮስ ይህን አያጣውም። ቢሆንም ሰው ለነፍሱ ሲል ቢተኩስ ምን ይባላል ብሎ አመነው፤ እንዲያውም እግዚአብሔር አተረፈህ አለው። ሚስተር ዋልተርንም «እስከ እሑድ ይታገሡኝ፤ የተኮሰው ሰው ራሱ ያስረዳዎታል» ብሎ ለመናቸው።

«እሑድ ከሰዓት እደውላለሁ» አሉት ሽማግሌው። «ያ ሰው ራሱ ካልተናገረ፣ ቁልፌን አውቀህ ለሽጉጠኛ የሰጠህ አንተ ነህ። ፈቃድ ለሰጡህም ይህንኑ ነው የምነግራቸው።»

የፋሲካ ዕለት ቅድስት ልጅቷ ለክርስትና እናቷ የምትወስደውን የአክፋይ ድፎ ዳቦ አዘጋጀች። ከሰፈራቸው ከፋልከንሪጅ ተነሥተው ሞንተሬይ ፓርክ ጉልላት ቤት ደረሱ። ጽጌሬዳ በሩን ከፍታ ልጅቷን አገላብጣ ሳመቻትና እሷንና ቅድስትን ወደ ጓዳ ይዛቸው ገባች። ኪራኮስ ድፎውን ታቅፎ ወደ ሳሎን አለፈ። ሳሎኑ በእንግዳ ጢም ብሏል። ጉልላት ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ፣ ብርጭቆውን ይዞ፣ ጨዋታ ላይ ነው። ባርናባስ አጠገቡ ተቀምጦ ከት ከት ይላል።

«በመጨረሻ እናቲቱም ገባች!» ይላል ጉልላት። «መንጋው እንዳለ ውስጥ! አንድ ደጅ የቀረ የለም እኮ!»

«ታዲያ አትዘጋውም?» አለ አንዱ እንግዳ።

«ከተዘጋማ ምን ጨዋታ አለው? የታሰረ አሳማ መምታትና ሬንጅ ላይ ወረቀት መምታት ምን ለየው! ሪሞቱን ኪሴ ከተትኩና ይሄን ባርኒን “በሩ ጋ ቁም” አልኩት። ሲወጡ አንድ በአንድ፣ ጧ! ጧ! ብታየው በሳቅ ትፈርስ ነበር!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ከጓዳ ወጥ ይዛ የወጣችው ጽጌሬዳም ፈገግ አለች፤ ኪራኮስን ስታይ ግን ፈገግታዋ ጠፋ።

ኪራኮስ በቆመበት ደርቆ ቀረ። እስከዚያች ደቂቃ የተቆጣው በዕድሉ ነበር። ለካ ሁሉም ገብተው ነበር! ያን ሁሉ ብርድ የጠበቃት ሰዓት መጥታ ነበር። ጉልላት አይቷታል። ያቺ ሰዓት ለኪራኮስ ምን እንደሆነች ከማንም በላይ ያውቃል። ጣቱን ማንቀሳቀስ ብቻ ነበር የቀረው፤ ሪሞቱን ኪሱ ከተተው። ፈርቶ ቢሆን፣ ተሳስቶ ቢሆን፣ ይቅር ይለው ነበር። ለጨዋታ ነው የሸጠው። አንጀቱን የቆረጠው ይሄ ነው።

ጉልላት ዞር ሲል አየውና ፊቱ አመድ መሰለ። «አበልጄ! እንኳን አደረሰህ! ግባ እንጂ ምን ያቆምሃል!»

የኪራኮስ ስልክ ጠራ። ድፎውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና አነሣው። «ሚስተር ዋልተር፣ ሰውየው እዚሁ አለ፤ ራሱ ይነግርዎታል» አለ። ስፒከር ላይ አድርጎ ለጉልላት ሰጠው። «አሁን ያወራኸውን ንገራቸው። ሌላ ምንም አልፈልግም ካንተ።»

ጉልላት ጉሮሮውን ጠረገ። እንግሊዝኛው ሁሌም የሚያኮራ ነው።

«ጌታዬ፣ እኔ ተኩስ የሚባል ነገር አላውቅም» አለ። «ኪራኮስ ቁልፉን ለሆኑ ሰዎች እንደሰጠ ነግሮኛል። ሽጉጥ እንዳላቸውም ያውቅ ነበር። እንዳትሰጥ ብዬው ነበር፤ አልሰማኝም።»

አሁን ሲስቁ የነበሩ ሰዎች አንዱ ሳህኑን ያያል፣ አንዱ ስልኩን ይነካካል። ባርናባስ ጣሪያውን ይመረምራል።

«ገባኝ» አለ የሽማግሌው ድምፅ። «ኪራኮስ፣ ነገ መጥተህ ሽቦህን ንቀል። ከዚያ ወዲያ እንዳላይህ።» ስልኩ ተዘጋ።

ጉልላት ስልኩን ሲመልስለት ወደ ጆሮው ጠጋ አለ። «የሽጉጥ ላይሰንሴን ይወስዱብኛል እኮ፤ እስርም አለው። አንተ ሌላ ሥራ አታጣም። በል ተቀመጥና ብላ፤ ጾም ተፈታ እኮ አበልጄ።»

ኪራኮስ ሊመታው ፈልጎ ነበር፤ ያን ሁሉ ሰው አየና ተወው። «አበልጅ አትበለኝ» አለ። ከዚያ ቅድስትን ተጣራ፣ ልጅቷን ይዛ እንድትወጣ ነገራት።

ጽጌሬዳ የኢየሩስን እጅ ይዛ እስከ መኪናው ተከተለቻቸው። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ጽጌ፣ አንቺ ሰምተሻል» አላት ኪራኮስ። «ነገ አብረን እንሂድና ለሽማግሌው የሰማሽውን ንገሪልኝ። አንቺ ከተናገርሽ ያምናሉ። ሥራዬ ይተርፋል፣ ስሜም ይተርፋል።»

«ኪራዬ፣ ባሌ እኮ ነው። ምን ላድርግ?»

«ይቺ ልጅ አፍ ሳትፈታ በእሷ ፋንታ ሰይጣንን ክጄሃለሁ ያልሽው አንቺ ነሽ። እውነት እናገራለሁ ብለሽ ነው የተቀበልሻት።»

ኢየሩስ ቀና ብላ ሁለቱንም አየቻቸው። ጽጌሬዳ የልጅቷን እጅ ለቀቀችና ወደ ቤቷ ተመለሰች።